«ራሷን ታጸዳለች» ተብዬ የገዛኋት ዲስፖዘር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ አይጥ የሞተ መሰለኝ። ምድጃውን ሳብኩ፣ የጤፉን ጆንያ ገለጥኩ፣ ከፍሪጁ ጀርባ በባትሪ አየሁ። የለም። እማዬ ከጓዳ ብቅ አለችና በአገጯ ወደ ሲንኩ እያመለከተች «የምን አይጥ አመጣሽ፤ ያቺ ብረት ላምሽ ናት» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። እውነቷን ነው። የሁለት ሙክት ዋጋ ያወጣሁባት ዲስፖዘር አፏ ይሸታል።

ለማታውቋት፣ ዲስፖዘር ከሲንክ ሥር የምትገጠም፣ የምግብ ትርፍራፊ ፈጭታ ከውሃ ጋር ወደ ፍሳሽ የምትሰድ ማሽን ናት። የእኔዋ ግማሽ የፈረስ ጉልበት አላት፣ በ220 ቮልት ትሠራለች። ያለ ችግር ስለፈጨቻቸው ነገሮች ብጽፍ ማንም አያነብልኝም፤ ትፈጫለች፣ ውሃው ይወርዳል፣ አለቀ። የምጽፈው ስለ ሽታው ነው። ከሽታው ደግሞ ስለ ሻጩ።

ጥቅምት ላይ ለሥራ አዲስ አበባ ወርጄ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ አፉ ቅቤ ነው። «እህቴ፣ ማጽዳት የሚባል ነገር የላትም። ራሷን ታጸዳለች። ምላጯ የደነዘዘ ከመሰለሽ በረዶ ጨምሪባት፣ ይሳላል» አለኝ። እኔም በሆዴ፣ ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው በረዶ ምን ብርቅ ነው አልኩ። ታኅሣሥ ላይ ደጅ ያደረ ጎድጓዳ ሳህን ጠዋት ስስ በረዶ ለብሶ ነው የሚገኘው። ከፈልኩ። 130 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጣሁ።

ወንድሜ፣ ምላጭ የላትም! ሶኬቷን ነቅዬ በባትሪ ውስጧን አይቻለሁ። ታች የሚሽከረከር ክብ ብረት አለ፤ እሱ ላይ ወዲህ ወዲያ የሚሉ ሁለት ጉጦች። ሞተሩ ሲዞር ጉጦቹ ምግቡን እየወረወሩ ከግድግዳው ያላትሙታል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፣ የሚያደቀው እሱ ነው። ከቢላ ይልቅ ለወፍጮ ትቀርባለች። ወፍጮ ሲደነዝዝ ይወቀራል እንጂ በበረዶ ሲሳል ማን አየ? በረዶ አይጠቅምም አላልኩም። ከደቃቅ ጨው ይልቅ ከሻካራው ጋር ሲገባ ቀለበቱ ላይ የተጋገረውን እያንኳኳ ያራግፋል። ያ ግን መሳል አይደለም፤ መፈተግ ነው።

ወደ ሽታው ልመለስ። መጀመሪያ ሎሚ ጨመርኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል የሞተ አይጥ ሎሚ ተቀብቶ ሸተተ። ቀጥዬ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሼ ኮምጣጤ አፈሰስኩ፤ ፈላ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሽታው ተመለሰ። በንዴት ኮምጣጤውን በላይ በላዩ ደገምኩና ውሃ እንኳ ሳልለቅበት በረኪና ደፋሁበት። ይህን እንዳታደርጉ። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ጉሮሮዬን ጨመደደኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እማዬን እየጎተትኩ ወደ ግቢው ወጣሁ። እዚያ ብርድ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ «ከበሽታው ተገላገልን፣ መድኃኒቱ ሊገድለን ነው» አለች። በረኪናው ለብቻውም ቢሆን ለማሽኗ ጎማዎች አይበጅም፤ እንደኛ ግቢ ፍሳሹ ወደ ሴፍቲ ታንከር የሚገባ ከሆነ ደግሞ እዚያ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይፈጃል።

በመጨረሻ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ፤ ጠባሴ አካባቢ የሚሠራ ወጣት ነው። ሙሉዋን ይፈታታል ብዬ ጋዜጣ አንጥፌ ስጠብቀው፣ ሶኬቷን ነቀለና አንድ ጣቱን ብቻ ከአፏ ጎማ ሥር ሰደደ። ምግብ ወደ ላይ እንዳይፈናጠር የሚከለክለውን፣ እንደ አበባ ቅጠል የተከፋፈለውን ጥቁር ጎማ ማለቴ ነው። ጣቱን ሲያወጣው ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ከላዩ ጥቁር፣ ከውስጡ ቢጫ፣ እንደ አብሽ ልህጭ የሚሳብ ነገር፤ መሀሉ ላይ የበርበሬ ፍሬ ቁጭ ብላለች። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ማሽኗ ደህና ናት፤ ጣሪያዋ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው የጎማውን ላይኛ ፊት እያጠበ ይወርዳል። ማሽኗ ስትፈጭ ግን ወደ ላይ የምትረጨው ሁሉ የሚለጠፈው ታችኛው ፊት ላይ ነው፣ ውሃ በማይነካው፣ ዓይንም በማያየው። የእኔ ሎሚና ኮምጣጤ በሙሉ በጎማው ቅጠሎች መሀል ሾልኮ ቁልቁል ሄዷል። «ራሷን ታጸዳለች» ያልከኝ ልጅ፣ ድመት እንኳ ማጅራቷን መላስ አትችልም።

ቢጫው ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልተመራመርኩም። የገና ቅቤ ነው። የእህቴ ልጅ ለበዓሉ መጥታ የዶሮ ወጡን ድስት በፈላ ውሃ አለቅልቃ ወደ ዲስፖዘሩ ገለበጠችው፤ ደግ ያደረገች መስሏት። ሙቅ ውሃ ቅቤውን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ይንቆረቆርና ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ብርድ ያገኘው ቦታ ላይ ይረጋል። የእኛ ቤት ቧንቧ በውጭው ግድግዳ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የታኅሣሥ ውርጭ ያገኘዋል። ሠራተኛው ሲፎኑን (ከሲንኩ ሥር ያለውን ጥምዝ ቧንቧ) ሲፈታው ውስጡ ሻማ የተሠራ ይመስል ነበር። ስለዚህ ማሽኗ ስትሠራ መለቀቅ ያለበት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቅባት ቢያመልጥም እንደረጋ ተሰባብሮ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ዋናው ግን ቅባቱን መጀመሪያውኑ ወደዚያ አለመስደድ ነው። እማዬ ድስት በእንጀራ ሳይጠረግ ሲታጠብ ካየች ዛሬም ትቆጣለች፤ እኔ ደግሞ የድሮ ሰው ስስት እያልኩ እስቅባት ነበር።

ያነበብኩትን ልንገራችሁ፦ ዲስፖዘርን የፈለሰፈው ጆን ሐምስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው፣ በ1927 እ.ኤ.አ.፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ራሲን በምትባል ከተማ። ራሲን በክረምት ከእኛም ትከፋለች፤ ስለዚህ ሁሉንም በደብረ ብርሃን ብርድ ማሳበብ አልችልም። ሰውየው ግን ዲስፖዘሩን ሲሠራ ገናን በንጥር ቅቤ የሚውል ቤት አስቦ እንዳልነበር እምላለሁ።

አሁን ቅዳሜ ማታ ማታ የማደርገው ይህ ነው። ሶኬቷን እነቅላለሁ። (ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ ማብሪያውን ሳያስበው የሚጫን።) አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ነክሬ የጎማውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ወደ ላይ እየገለበጥኩ ሆዳቸውን እፈትጋለሁ፤ ከዚያ ጎማው ከአንገቷ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ አሁን ተለማምጄዋለሁ። ሲያልቅ ሲንኩን ደፍኜ እስከ ግማሹ በሳሙና ውሃ እሞላና ሶኬቷን ሰክቼ፣ ክዳኑን መንቀልና ማብራት አንድ ላይ። ውሃው በሙሉ ጉልበቱ ሲወርድ ውስጧን ከዳር እስከ ዳር ያጥባል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ለመናገር ሻጩ ምን ያህል ምላስ ይፈጅበት ነበር?

የማይገባባትን የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው። የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የበቆሎ ሽፋን ጉጦቹ ላይ እንደ ክር ይጠመጠማሉ። የቡና አተላ ሲገባ ምንም አይመስልም፤ ሲፎኑ ውስጥ ግን እንደ ሲሚንቶ ይቀመጣል። ሩዝና ፓስታ ያብጣሉ። እንጀራ ተመልሶ ሊጥ ይሆናል፤ እንጀራ የሚደፋ ቤት ካለ ደግሞ ችግሩ የዲስፖዘር አይደለም። አንድ ጊዜ የሻይ ማንኪያ ገብቶባት ዝም ብላ አጉረመረመች፣ ሳትዞር። ሶኬቷን ነቅዬ ማንኪያውን በመቆንጠጫ አወጣሁ (እጅ አይሰደድም)፣ ከሥሯ መሀል ላይ ባለው ቀዳዳ አብሯት የመጣውን ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ከትቼ ወዲያና ወዲህ አዞርኳት፣ ቀይዋን የማስነሻ ቁልፍ ተጫንኩ፣ ተነሳች። ለዚህስ አመሰግናታለሁ።

ውሃ በሌለበት ቀን አትነሳም፤ ደረቋን መፍጨት ራሷን መብላት ነው። ከመፍጨቷ በፊት ጥቂት ሰከንድ፣ ከፈጨችም በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ውሃ መለቀቅ አለበት። ሮቶው ባዶ ሆኖ ከጀሪካን እየቀዳሁ ለዲስፖዘር ያጠጣሁበት አንድ ቀን አለ፤ እማዬ ቆማ እያየችኝ። ሠራተኛው ደግሞ የተፈጨው ሁሉ ሴፍቲ ታንከሩን ቶሎ እንደሚሞላው፣ ማስመጠጫው ከበፊቱ እንደሚፈጥን አስጠንቅቆኛል። ያን ሂሳብ ገና አልከፈልኩም፤ ስከፍል እንደገና እናደድ ይሆናል።

ስለ ላሟ ደግሞ አልነገርኳችሁም። ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ላም አላቸው። ዲስፖዘሯ ከመምጣቷ በፊት የድንቹ ልጣጭና የጎመኑ ቅጠል በባልዲ ወደ እሳቸው ይሄድ ነበር። ማሽኗ ከመጣች በኋላ ባልዲው ቆመ። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታችን «ልጄ፣ ምን በደልናችሁ?» ብለው መጡ። የምመልሰው አጣሁ። አሁን እማዬ ቅጠሉን ከእኔ ደብቃ በባልዲ ታጠራቅማለች፤ አልፎ አልፎ ባልዲው ሲመለስ ውስጡ ቅል ሙሉ እርጎ አለ። «ብረት ላምሽ መቼ ነው የምትታለበው?» ትለኛለች እየጠጣች። እኔም እጠጣለሁ።

ታዲያ ለምን አልነቀልኳትም? ጥር ላይ ብትጠይቁኝ ለቆራሌው እሰጣታለሁ እል ነበር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ 55 ቀን ሙሉ ምንም ሽታ የለም። በጥርስ ብሩሼ ኮራሁ። እማዬ «አንቺ ምን አደረግሽ፣ ጾሙ ነው» አለችኝ፤ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ምን ይሸታል? ልክ መሆኗ አናደደኝ። ፋሲካን እንደ ፈተና ጠበቅኩት። ዶሮው ተሠራ፣ ድስቱ በእንጀራ ተጠረገ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተለቀቀ፣ ማታውኑ የጎማው ሆድ ተፈተገ። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይነሳ ሄጄ አፍንጫዬን ሲንኩ ውስጥ ከተትኩ። ብረት፣ ሳሙና፣ ትንሽ ሎሚ። ቀና ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። እሷም ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ምንም ሳትል ቡና ልትቆላ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወድጃታለሁ፤ ከእናቴ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩባት ብቸኛ ዕቃ ናት።

የቀረችኝ ነገር ጎማው ነው። ያኔ ከደፋሁበት በረኪና በኋላ እየደረቀ ሄዶ አንዱ ቅጠሉ ተሰንጥቋል። ሱቁ ደወልኩ። «ጎማ ለብቻው አንሸጥም፣ ከፈለግሽ ሙሉዋን ማሽን ውሰጂ» አለኝ፣ ያው ልጅ መሰለኝ፣ ድምፁን አልሳትኩትም። አዲስ አበባ የምትመላለሱ ሰዎች፣ ለ9 ሴንቲ ሜትር የሲንክ ቀዳዳ የሚሆን የዲስፖዘር ጎማ ለብቻው ሲሸጥ ካያችሁ ቦታውን ጠቁሙኝ። ሁለት እገዛለሁ።