የዊትዎርዝ ቁልፎች፣ የጥርስ መለኪያና አንድ ከረጢት ብሎን

የ1950ዎቹ ቢኤስኤ ሞተር ሳይክል እያደስኩ ነው። ሞተሩ ደህና ነው፣ ያደከመኝ ብሎኑ ነው። አሉሚኒየሙ ውስጥ የገባው ዊትዎርዝ፣ ሌላው አብዛኛው የሳይክል ጥርስ፣ ኤሌክትሪኩ ጋ ያሉት ጥቃቅኖች ደግሞ ቢኤ። ሦስቱም የድሮ የእንግሊዝ የብሎን ጥርስ ዓይነቶች ናቸው። በአንድ ሞተር ላይ ይህ ሁሉ!

ከቁልፎቹ ልጀምር። ያገለገሉ የኪንግ ዲክ ዊትዎርዝ ቁልፎች ገዛሁ፣ ወድጃቸዋለሁ። ብረታቸው ጠንካራ ነው፣ አፋቸውም አልተከፈተም። አሮጌ ስትገዙ መጀመሪያ አፉን እዩ፤ ላዩ ላይ ያለው ዝገት ይጸዳል፣ የሰፋ አፍ ግን አይድንም።

«በ13 ወይም በ14 ሜትሪክ ይፈታል» የሚላችሁን አትስሙ። የ1/4 ዊትዎርዝ ቁልፍ አፉ 13.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 13ቱ አይገባም። 14ቱ ይዋዥቃል፣ ትንሽ ስትጫኑት የብሎኑ ጠርዝ ተላጭቶ ቁጭ ይላል። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የአፉን ስፋት ሳይሆን የብሎኑን ውፍረት ነው የሚናገረው። አንድ አፍ ላይ ሁለት ቁጥር ብታዩም አትደናገጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለመቆጠብ የብሎን ራስ በአንድ ደረጃ ስላነሰ፣ 1/4 ዊትዎርዝ የሚለው ቁልፍ 5/16 ቢኤስም (ራሱ ያነሰው ብሎን ቁጥር) ይላል።

ብሎኑ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ከአንድ ሻጭ «የሳይክል ጥርስ፣ 1/4 ኢንች» የሚል ከረጢት በፖስታ አስመጣሁ። ዳዶው በእጅ ገባ፣ ግን መሃል ላይ ያዝ አደረገው። ወዲያው የጥርስ መለኪያውን፣ ብሎኑ ጥርስ ላይ የሚገጠሙትን ባለ ጥርስ ስስ ብረቶች፣ አወጣሁ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። 1/4 የሳይክል ጥርስም 1/4 ቢኤስኤፍም (ሌላው የእንግሊዝ ደቃቅ ጥርስ) በኢንች 26 ጥርስ ናቸው። በዓይን አይለዩም። ልዩነቱ የጥርሱ ማዕዘን ላይ ነው፤ ሳይክሉ 60 ዲግሪ፣ ቢኤስኤፍ እንደ ዊትዎርዝ 55። የ55ቱን መለኪያ የመጣው ብሎን ላይ አድርጌ ወደ መብራት ስይዘው ምንም ብርሃን አላሳለፈም። ቢኤስኤፍ ነው ማለት ነው። ከሞተሩ በፈታሁት ብሎን ላይ ደግሞ በጥርሶቹ መሃል ቀጭን ብርሃን ታየ። እንዲህ ተደባልቆ ቢታሰር የሚነካካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ንዝረቱ ሲበዛ ጥርሱ ይበላል። ሻጩ ገንዘቤን መልሷል፣ ስሙን የማልጠራውም ለዚህ ነው።

መለኪያው ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም እሱ። ግን ሜትሪኩን አትግዙ። 55ም 60ም ያለው ይሁን፣ ቢኤ ካላችሁ ደግሞ 47.5 ዲግሪውን ጨምሩ።

ማስኪዮና ፊሊየራ (ጥርስ ማውጫዎቹን) ያገለገለ አልገዛም፤ የደነዘዘ ማስኪዮ አሉሚኒየም ውስጥ ከተሰበረ መከራ ነው። ዝገት ለማጽዳት ብቻ ከሆነ ርካሹ አዲስ ይበቃል። ብሎን ግን አሁን ሳዝ «ስንት ጥርስ?» ብቻ ሳይሆን «ማዕዘኑ ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን የማያውቅ ሻጭ ጋ አልገዛም።