ፕላስቲክ ወይስ ብረት፦ ለቱርቦ መኪና ማኒፎልድ ለምትገዙ

ባሕር ዳር ውስጥ ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ) ያለው መኪና የሚያሽከረክሩ ወዳጆቼ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዳቸው፣ ማለትም አየሩን ለሞተሩ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ በተሰነጠቀ ቁጥር የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ ለዚህ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደከፈልሁ ያውቃሉና። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ፕላስቲኩን ልግዛ ወይስ ብረቱን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለሞተራችሁ በትክክል የሚገጥም የብረት ማኒፎልድ ከተገኘ፣ ያገለገለ እንኳ ቢሆን፣ እሱን ግዙ። ብረት የምንለው በልማድ ነው እንጂ ዕቃው አሉሚኒየም ነው።

ከዋጋው ልነሣ። የእኔ መኪና ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ሲሆን ከፋብሪካ የወጣው በፕላስቲክ ማኒፎልድ ነው። እሱ ሲሰነጠቅ ለአዲስ ኦሪጅናል ፕላስቲክ 68,000 ብር ተጠየቅሁ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው ሳምንት አንድ ነጋዴ «ከኦሪጅናሉ በምንም አይለይም» ብሎ ኮፒውን በ16,500 ብር ሸጠልኝ። ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) 1,800፣ የእጅ ዋጋ 4,500፣ በድምሩ 22,800 ብር ወጣ፤ በዕቃው ላይ ብቻ 51,500 ብር ያተረፍሁ መስሎኝ ነበር።

በሰባተኛው ወር ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን የሚያወጣውን አቀበት እንደተያያዝሁት፣ ከኮፈኑ ሥር «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ መኪናው ጉልበቱን አጣ፤ የሞተሩም መብራት በራ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ማኒፎልዱ ሁለቱ ግማሾች በተጣበቁበት መስመር ላይ ተላቆ ጣት ያስገባ ነበር። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአይሱዙ አስጭኜ ለማምጣት 28,000 ብር ከፈልሁ። ርካሹ ዕቃ እንግዲህ 50,800 ብር ፈጀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ያገኘሁት፣ ከዚያው ሞተር የቀድሞ ሥሪት ላይ የተፈታ የአሉሚኒየም ማኒፎልድ 41,000 ብር፣ ከጓርኒሲዮንና ከእጅ ዋጋ ጋር 47,300 ብር ነበር። ይህን አስቀድሜ ብገዛው ኖሮ የፊተኛው 50,800 ብር በኪሴ ይቀር ነበር።

ኦሪጅናል ፕላስቲክ መናኛ ዕቃ ነው እያልሁ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 በመቶ የመስታወት ቃጫ የተቀላቀለበት ናይለን ነው፤ ክብደቱ ይቀላል፣ ውስጡም ልስልስ ነው፣ የሞተሩንም ሙቀት እንደ አሉሚኒየም አይስብም። ሆኖም ስለ ሙቀቱ የሚወራው ተጋንኗል፤ አየሩ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚቆየው ለቅጽበት ያህል ነውና፣ ቱርቦው ያጋለውን አየር የማቀዝቀዙ ዋና ሥራም የኢንተርኩለሩ ነው። የፕላስቲኩ ደካማ ጎን መጋጠሚያው ነው፤ ለየብቻ የተቀረጹት ግማሾች በንዝረት ተፋትገው ስለሚበየዱ፣ ናይለኑ መናኛ ሲሆን ወይም ብየዳው ሲሳሳ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው።

የእኛ አገር ከፍታም ሸክሙን ይጨምርበታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በ0.2 ባር ያህል ያንሳል፤ ብዙዎቹ ዘመናዊ የቱርቦ ሞተሮች ደግሞ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት ከታለመለት ልክ ለማድረስ ስለሚጥሩ፣ ቱርቦው አብዝቶ ይሽከረከራል፣ በዕቃው ግድግዳ ውስጥና ውጭ ያለው የግፊት ልዩነትም ይሰፋል።

ስንጥቁ ትንሽ ሲሆን ብዙ ሰው ሌላ ዕቃ ያስቀይራል። ቤንዚን መኪና ቆሞ ሲሠራ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ ስንጥቁ የአየር ሴንሰሩ ያልለካውን አየር ይስባል፤ ፉጨት ይሰማል፣ የመኪናው ኮምፒውተርም ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ (ከአየሩ አንጻር ነዳጁ አነሰ ማለት ነው) ያወጣል። አቀበት ላይ ቱርቦው ሲነፋ በዚያው ስንጥቅ አየሩ ወደ ውጭ ያመልጥና ፒ0299 (የቱርቦው ግፊት አነሰ የሚለው ኮድ) ይመጣል። እኔም የመጀመሪያው ስንጥቅ እስኪታወቅ ድረስ ካንዴላና የአየር ሴንሰር በከንቱ ቀይሬአለሁ፤ ያን ወጪ ከላይ አልደመርሁትም።

የብረቱ ትልቁ ብልጫ ግን መጠገኑ ነው። አሉሚኒየም ሲሰነጠቅ ዘይቱ በደንብ ከጸዳለት በአርጎን ይበየዳል፤ በብየዳው ሙቀት ፊቱ ቢጣመም ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይስተካከላል። ፕላስቲኩን በኢፖክሲ የሚደፍኑ አሉ፤ ከሞተሩ በሚመጣ የዘይት ጭጋግ የራሰ ናይለን ላይ ማጣበቂያ እምብዛም አይዝም፣ ተላጦ የሚወድቀውም ቅራፊ የሚሄደው ወደ ሲሊንደር ነው። ናፍጣ መኪና ያላችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ በማኒፎልዱ ውስጥ የተጋገረውን ጥቀርሻ የሚያጥበው ልጅ ኮስቲክ ሶዳ እንዳያስነካው፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። በናፍጣ ዘፍዝፎ በብሩሽ መፈግፈግ ይበቃል።

ብረት ሁሉ ግን ኦሪጅናል አይደለም። አዲስ የብረት ኮፒ በ30,000 ብር አሳይተውኝ ጣቴን ወደ ውስጥ ባስገባ የቀለጠው ብረት የፈሰሰበት ቅርጽ አሸዋ ይዞልኝ ወጣ፤ ያ አሸዋ ሞተር ውስጥ ቢገባ ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን ይፍቀው ነበር። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ፕላስቲኩ በውስጡ የአየሩን መንገድ የሚቀያይሩ ፍላፖች አሉት። ፍላፕ የሌለውን ብረት ከገጠማችሁ ፒ2015 (የፍላፑ አቀማመጥ ልክ አይደለም የሚለው) ወይም መሰል ኮድ እየመጣ ያስቸግራችኋል፣ መኪናውም በዝቅተኛ ዙር ሊሰንፍ ይችላል። እኔ የገዛሁት ፍላፑም ሴንሰሩም ስለነበረው ከዚህ ጣጣ ድኛለሁ።

ለሞተራችሁ ብረት ጭራሽ ካልተሠራለት ያገለገለ ኦሪጅናል ፕላስቲክ ፈልጉ፤ አዲስ ኮፒ አትግዙ። ብሎን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች እዩ፤ በየቀዳዳው ያለው የብረት ቀለበት የላላ ወይም የጎደለ ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ፊቱን በመስታወት ላይ አስቀምጣችሁ ብርሃን ያሾልክ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያም ጎሚስታ ቤት ውሰዱት። እኔ ብረቱን ከመግጠሜ በፊት ቀዳዳዎቹን በላስቲክና በጣውላ አስደፍኜ፣ ጎማ በሚፈተሽበት ገንዳ ውስጥ አስነክሬ፣ 0.5 ባር ያህል አየር አስነፋሁበት፤ ውሃው ጸጥ እንዳለ ቆየ። የተላቀቀውን ኮፒ ጥዬው ስላልነበር ያልተከፈተውን ወገኑን በዚያው አስፈተሽሁት፤ ለዓይን ደህና በሚመስለው መጋጠሚያ ላይ ዶቃ የመሰለ አረፋ ተሰልፎ ወጣ። ጎሚስታው የጠየቀኝ 200 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን «ውሃ ውስጥ ላስፈትሸው፣ ካፈሰሰ ትመልስልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አይሆንም ካለ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።