ፕሮሜቴዎስ ወይስ ሳጥናኤል? ለዐመፀኛ ገጸ ባሕርይ መሠረት ስትመርጡ

መጀመሪያ መለየት ያለበት «ለማን ብሎ ዐመፀ?» የሚለው ነው። በግሪክ አፈ ታሪክ ፕሮሜቴዎስ እሳቱን በአገዳ ውስጥ ደብቆ ከአማልክቱ ንጉሥ ከዜውስ ሰረቀ፤ የተጠቀመው የሰው ልጅ ነው፣ ለእሱ የተረፈው ሰንሰለትና ጉበቱን የሚበላ ንስር። ሳጥናኤል ግን፣ ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት በሚናገረው በአክሲማሮስ ትውፊት እንደሚተረከው፣ ፈጣሪ ሲሰወር «እኔ ፈጠርኋችሁ» ብሎ መላእክቱን አናወጠ። የፈለገው ዙፋኑን ነው።

የታሪኩ አካሄድም ከዚሁ ይመነጫል። ፕሮሜቴዎስ ከዐለት ጋር ከታሰረ በኋላ ንቅንቅ አይልም፤ ይህ ለጸሐፊ ከባድ ችግር ነው። የግሪኩ ጸሐፊ አስኪለስ ደረሰው በሚባለው ጥንታዊ ተውኔት መፍትሔው ምስጢር ነው፦ ዜውስን ከሥልጣን የሚያወርደው ጋብቻ የቱ እንደሆነ እስረኛው ያውቃል፣ አይናገርም። ምስጢሩን ከታሪኩ ብታስወግዱት የሚቀረው ሙሾ ብቻ ነው።

ሳጥናኤል ይንቀሳቀሳል፤ ግን ቁልቁል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» (Paradise Lost) ግጥም የጦር አዝማች ሆኖ ይጀምርና በሔዋን ጆሮ ሥር እንደ ጉርጥ ተኮራምቶ ይገኛል፤ መጨረሻው እባብ። ብቻውን ሲሆንማ ፈጣሪው እንዳልበደለው ራሱ ያምናል። ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ የመክፈቻውን ንግግር ግርማ ይቀዱና ይህን ኑዛዜ ይዘሉታል፤ ያኔ ገጸ ባሕርዩ ባዶ ፉከራ ይሆናል።

ጨቋኝ ገዥ ላለበት ታሪክ ፕሮሜቴዎስ ይሻላል። ራሱን እየሸነገለ የሚወድቅ ሰው ከፈለጋችሁ ግን ሳጥናኤልን የሚተካ የለም። ሁለቱን መቀላቀል ይቻላል፤ የዙፋን ምኞቱ ግን ከእሳቱ ስጦታ በፊት ለአንባቢ ይታይ፣ አለዚያ ኋላ ሲገለጥ ማታለል ይመስላል።