ለሊኖ ህትመት በየቀኑ ለመሳል ምን ልግዛ? እርሳስ፣ እስክሪብቶ፣ ብሩሽ ፔን ወይስ ታብሌት

የእጅ ህትመት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው መሮውን፣ ሮለሩንና ቀለሙን ነው። ከዚያ ባዶውን ሊኖ፣ ማለትም በመሮ ተቀርጾ ቀለም ተቀብቶ የሚታተምበትን ለስላሳ ንጣፍ፣ ፊቱ አስቀምጦ «አሁን ምን ልቅረጽ?» ይላል። ስልኩ ላይ ፎቶ ይፈልጋል፣ የሰው ሥራ ይገለብጣል፣ አንድ ሁለት ያትማል፣ በቃ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የጎደለው መሮ አይደለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚሞላ የንድፍ ደብተር ነው።

ስለዚህ ገንዘባችሁን በመሮ ላይ ከመጨረሳችሁ በፊት መሳያውን አስቡበት። አራቱን የተለመዱ ምርጫዎች እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የምመዝናቸው በሥዕሉ ውበት አይደለም። አምስት ደቂቃ ሲገኝ ቶሎ ከኪስ ይወጣል ወይ? ዓይናችንን ጥቁርና ነጭ ለይቶ ማየት ያስለምዳል ወይ? የተሳለው ነገር ወደ ሊኖው እንዴት ይሻገራል?

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ሊኖ ላይ የተቆረጠው ቦታ ነጭ ይሆናል፤ ያልተነካው ቀለም ይይዛል። ግራጫ የሚባል ነገር የለም። ግራጫ መስሎ የሚታየው በመስመር ወይም በነጥብ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ነው። ይህን ቀድሞ ደብተሩ ላይ ያልወሰነ ሰው መሮ ይዞ ሲወስን ይቸገራል፤ መሮ ደግሞ ላጲስ የለውም።

እርሳስ

ርካሽ ነው፣ የትም አለ፣ ማንም አይፈራውም። ልማድ ለመጀመር ከዚህ የሚቀል የለም። ጥንካሬው በፊደል ይለያል፦ ኤች ወደ ጠንካራ፣ ቢ ወደ ለስላሳ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እየባሰ ይሄዳል። ለየቀኑ ንድፍ 2ቢ ይበቃል። እኔ ግን 4ቢ ወይም 6ቢ አብራችሁ ያዙ እላለሁ፤ ምክንያቱም የእርሳስ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በለስላሳ እርሳስ ጠበቅ አድርጋችሁ የሳላችሁትን ወረቀት ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ሊኖው ላይ ትደፉታላችሁ። ጠርዙን በፕላስተር ታስይዙታላችሁ፤ ወረቀቱ ከተንሸራተተ መስመሩ ድርብ ይሆናል። ከዚያ ጀርባውን በማንኪያ ሆድ ትፈትጋላችሁ። አንዱን ጥግ ቀስ ብላችሁ ስታነሱት እርሳሱ ሊኖው ላይ ተላልፎ ታገኙታላችሁ፣ ግን ተገልብጦ። ስታትሙት እንደገና ይገለበጥና ልክ እንደሳላችሁት ይወጣል። ካርቦን የለ፣ መስታወት የለ፣ ሒሳብ የለ። ሥዕላችሁ ውስጥ ፊደል ካለ ይህ ብቻ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ጉድለቱስ? እርሳስ ግራጫ በጣም ይወዳል። ጥላውን በጣት እያሻሹ ማለስለስ ደስ ይላል፤ ያ ልስላሴ ግን ሊኖ ላይ ቦታ የለውም። ገጽ ከገጽ ሲታሸም ንድፉ ይደበዝዛል። ላጲሱ ደግሞ ጊዜ ይበላል። እርሳስ ከመረጣችሁ ላጲሱን ቤት ተዉት።

እስክሪብቶና ፋይንላይነር

ተራ እስክሪብቶ ጥሩ የልማድ ጓደኛ ነው። ወረፋ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ ይሠራል። አይጠፋም፤ ስለዚህ የተሳሳተውን መስመር ትታችሁ ቀጣዩን መሳል ትለምዳላችሁ። ይህ ለቀራጭ ትልቅ ትምህርት ነው።

ፋይንላይነር (ጫፉ ቀጭን ሆኖ እኩል መስመር የሚያወጣ እስክሪብቶ) ስትገዙ ግን ቁጥሩን እዩ። 0.1፣ 0.3፣ 0.5፣ 0.8 እየተባለ በሚሊሜትር ይሸጣል። ብዙ ሰው ቀጭኑን ያነሳል፣ መስመሩ ያምራላ! ሊኖ ላይ ግን አንድ ጥቁር መስመር ለማስቀረት ግራና ቀኙን መቁረጥ አለባችሁ። በ0.1 የተሳለች መስመር እንዲህ ሆና አትቆምም፤ ትሰበራለች። ለሊኖ ከሆነ 0.8ና ከዚያ በላይ ያለውን ግዙ። በመርፌ ፕላስቲክ ወይም መዳብ ላይ እየጫራችሁ የምትሠሩት የድራይፖይንት ህትመት ከሆነ ሐሳባችሁ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ቀለም የሚይዘው የተጫረው መስመር ስለሆነ ቀጭኑ ፋይንላይነር ትክክለኛው መለማመጃ ነው።

ማሸጊያው ላይ ቀለሙ «ፒግመንት» የሚል ከሆነ ሲደርቅ ውኃ አያስለቅቀውም። ወደ ሊኖ ለማሻገር ትሬሲንግ ወረቀት (ከሥሩ ያለውን ሥዕል የሚያሳይ ስስ ወረቀት) እና ካርቦን ያስፈልጋችኋል። አንድ እርምጃ ይጨምራል፣ ግን ከባድ አይደለም።

ብሩሽ ፔን

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ይህን፣ ጫፉ እንደ ብሩሽ የሚታጠፈውን እስክሪብቶ፣ ነው የምለው። በብሩሽ ፔን የሚስል ሰው ግራጫ ለማድረግ አይመቸውም። ወይ ጥቁር ያደርገዋል፣ ወይ ነጭ ይተወዋል። ዛፍ ሲስል ቅጠል በቅጠል መዘርዘሩን ትቶ የጥላውን ክምችት በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል። ይህ ውሳኔ የቀራጭ ውሳኔ ነው።

መስመሩንም ልብ ብላችሁ እዩት። የቪ ቅርጽ ያለው መሮ ሊኖ ውስጥ ሲገባ ቀጭን ይጀምራል፣ ጠለቅ ሲል ይሰፋል፣ ሲወጣ እንደገና ይቀጥናል። ብሩሽ ፔንም ሲጫኑት ይሰፋል፣ ሲያነሱት ይቀጥናል። እጃችሁ ወረቀት ላይ የለመደው አጫጫን መሮ ስትይዙ ያገለግላችኋል። ልዩነቱ መሮው የሚያወጣው ነጭ መስመር መሆኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ጥቁር ወረቀትና ነጭ ጄል እስክሪብቶ ጨምሩ፤ ሳኩራ የሚያወጣው ጄሊ ሮል በብዛት ይገኛል። በሳምንት አንዴ እንኳ ከጥቁር ላይ ብርሃኑን ብቻ እያወጣችሁ ሳሉ። ለሊኖ ከዚህ የቀረበ ልምምድ አላውቅም።

ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ኬተ ኮልቪትስ ለዓመታት በኤቺንግ (አሲድ በበላው የብረት ሰሌዳ) እና በሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ በሚሣል ህትመት) ስትሠራ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1920 የኤርንስት ባርላክን የእንጨት ህትመቶች አየችና ወደ እንጨት ዞረች። ከዚያ በኋላ በጦርነት ሐዘን ላይ የሠራቻቸውን የእንጨት ህትመቶች ፈልጋችሁ እዩ። ፊትና እጅ ብቻ ከጥቁሩ ውስጥ ይወጣሉ። በብሩሽ ፔን ስትስሉ የምትለማመዱት ይህን ዓይነት ድፍረት ነው።

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጫፉ እንደ ማርከር ሆኖ የሚለጠጥ ነው፤ የቶምቦው ፉዴኖሱኬ ከዚህ ይመደባል፣ ጠንካራና ለስላሳ ተብሎ በሁለት ይመጣል። ጀማሪ ጠንካራውን ቢይዝ ቶሎ ይገራለታል። ሻካራ ወረቀት ላይ ከተሠራበት ግን ጫፉ ቶሎ ይበላሻል። ሁለተኛው እንደ ብሩሽ የፀጉር ጫፍ ያለው፣ ቀለሙ በካርትሪጅ የሚቀየር ነው፤ የፔንቴል የኪስ ብሩሽ ፔን ታዋቂው ነው። ፀጉሩ ሰው ሠራሽ ነው፣ ቀለሙ ሲደርቅ ውኃ ይችላል። መጀመሪያ እጅ አልገባ ብሎ ያስቸግራል፤ ታገሱት። ካርትሪጅ እየቀየራችሁ ስለምትቀጥሉ ለሚዘልቅ ሰው የሚያዋጣው እሱ ነው።

ታብሌት

ካላችሁ ተጠቀሙበት። ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙ።

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። ሥዕሉን በአንድ ንክኪ ይገለብጣል። ባለ ሁለት ሦስት ቀለም ህትመት ስታቅዱ እያንዳንዱን ቀለም በየራሱ ሌየር (እንደሚደራረብ ግልጽ ገጽ) አስቀምጣችሁ የቱ ቀድሞ፣ የቱ ኋላ እንደሚታተም ታያላችሁ። በሌዘር ፕሪንተር ካወጣችሁት ወረቀቱን ሊኖው ላይ ደፍታችሁ በአሴቶን ጀርባውን በማራስ ቶነሩን (የፕሪንተሩን የዱቄት ቀለም) ማስተላለፍ ይቻላል። መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ። በኢንክጄት የወጣ ወረቀት በዚህ መንገድ አይሠራም። አንድ ጥንቃቄ፦ ወረቀቱን ደፍታችሁ የምታስተላልፉ ከሆነ ታብሌቱ ላይ አትገልብጡት፣ ድርብ ይገለበጣል። መገልበጥ ያለባችሁ ወረቀቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በካርቦን ስታሻግሩት ብቻ ነው።

የማልወድለት ማጉላቱን ነው። ስክሪን ላይ አጉልታችሁ የሳላችሁት የዓይን ሽፋሽፍት እውነተኛ መጠኑ ላይ ሲመለስ ማንኛውም መሮ አይደርስበትም። ወደ ኋላ መመለሻውም ልክ እንደ ላጲስ ነው። ቻርጅ ይፈልጋል፣ መልእክት ይገባበታል፤ አምስት ደቂቃዋ ሳይሳል ታልፋለች።

ደብተሩስ?

እዚህ ላይ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። ውድ ባለ ቆዳ ሽፋን ደብተር አትግዙ፤ «ይበላሽብኛል» እያሉ የሚስሉበት ደብተር አይሞላም። የወረቀቱን ክብደት ግን እዩ። ለእርሳስና ለእስክሪብቶ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 100 ግራም ይበቃል። ለብሩሽ ፔን ከ120 እስከ 160 ግራም፣ ለስለስ ያለ ወረቀት ይሁን፤ ከዚያ የቀጠነው ቀለሙን ወደ ጀርባ ያሳልፋል። በክር የተሰፋ ወይም ባለ ሽቦ ጥምዝ ሲከፈት ተዘርግቶ ይተኛል። በሙጫ ብቻ የተያያዘው ገጽ ይረግፋል።

መጠኑን በተመለከተ እኔ የማደላው ለኤ6 ነው። ኪስ ይገባል፣ ቶሎ ይሞላል፣ የሞላ ገጽ ደግሞ ቀጣዩን ይጠራል። ገጹ 10.5 በ14.8 ሴንቲሜትር ስለሆነ 10 በ15 በሆነ ሊኖ ላይ ከሞላ ጎደል በቁመናው ያርፋል። ማሳነስ ማሳደግ የለም፤ ገጹ ራሱ የሥራው መጠን ነው። እጃቸው ሰፋ ብሎ ካልተንቀሳቀሰ መሳል የማይሆንላቸው ሰዎች ኤ5 ይያዙ። ኤ4 ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ለየቀኑ አልመክረውም።

ሁለተኛ ደብተር ከመግዛት አንድ ጥራዝ ትሬሲንግ ወረቀት ይሻላል። የሰኞን ወፍ ከሐሙስ ቅርንጫፍ ጋር ደራርባችሁ አዲስ ቅንብር የምታገኙት በእሱ ነው።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

መሳል ፈርቶ ለቆየ ሰው፦ አንድ 2ቢ፣ አንድ 6ቢ፣ ባለ 80 ግራም ኤ6 ደብተር። እየሳለ ያለና ህትመቱ «ደበዘዘብኝ፣ ዝርዝር በዛብኝ» ለሚል ሰው፦ ብሩሽ ፔን፣ ወፈር ያለ ወረቀት፣ ጥቁር ወረቀትና ነጭ ጄል። ጊዜው መንገድ ላይ ለሚያልቅበት፦ ተራ እስክሪብቶ። ባለ ብዙ ቀለም ህትመት ለሚያቅድና ታብሌት ላለው፦ ንድፉን ወረቀት ላይ ጀምሮ፣ ፎቶ አንስቶ፣ የቀለም መለያየቱን ብቻ እዚያ ይሥራ።

አጠቃቀሙ ላይ ደግሞ የማምንበት አንድ አካሄድ አለ። ለሳምንት አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ቁልፍ፣ ወንበር፣ አንድ ቅጠል። በየቀኑ ከተለመደ ነገር ጋር አያይዛችሁ፣ ለምሳሌ ፊት ከታጠባችሁ በኋላ፣ እሱኑ ደግማችሁ ሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የምታውቁትን ቁልፍ ትስላላችሁ። ከዚያ በኋላ የጥርሶቹን ጥላ፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ብርሃን ማየት ትጀምራላችሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ በትንሹ መስመር ብዙ የተናገረውን ገጽ መርጣችሁ ያንን ብቻ ቅረጹ። ሊኖ የሚጠብቃችሁ ቀን ካለ ደብተሩን መክፈት አይከብድም።