ለዎርዚንግተን የአየር ጠባይ የሚበቃው ትንበያ፦ የናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ድረ ገጽና ራዲዮ

ዎርዚንግተን በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በኢንተርስቴት 90 አውራ ጎዳና ዳር ያለች፣ 14 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በስጋ ፋብሪካው ሥራ ምክንያት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ኑሯቸውን መሥርተውባታል። አገሩ ለጥ ያለ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ ነው፤ ንፋሱን የሚገታ ተራራም ሆነ ደን የለም። ስልክ ላይ ተጭኖ የሚመጣው የአየር መተግበሪያ ግን ዲግሪና አንድ የደመና ሥዕል ብቻ ያሳያል። ለዚህች ከተማ ይህ አይበቃም፤ እዚህ ሰው የሚጎዳው በዲግሪው ብቻ ሳይሆን በንፋሱ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የመንግሥቱ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ነው። ክፍያ የለውም፣ ማስታወቂያ የለውም፣ መመዝገብ አያስፈልግም። ዌዘር ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ ዚፕ ኮዱን 56187 ጻፉ፤ ከዚያ ካርታው ላይ ቤታችሁ ያለበትን ነጥብ ተጫኑ። ትንበያው 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ላላት ቁራሽ መሬት ተለይቶ ይወጣል። የሚያዘጋጁት በሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ያለው ቢሮ ባለሙያዎች ናቸው።

ላይ የተደረደሩት የሰባት ቀን ሥዕሎች የገጹ ደካማ ክፍል ናቸው፤ እነሱን አይቶ የሚወጣ ሰው ዋናውን ነገር አላየም። ወደ ታች ወርዳችሁ የሰዓት በሰዓቱን ግራፍ ክፈቱ። ሙቀቱ፣ የንፋሱ ፍጥነት፣ ድንገተኛው ግፊት፣ ስኖው (እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ)፣ መሬት ሲነካ የሚቀዘቅዝ ዝናብ፣ ሁሉም በየመስመሩ ለ48 ሰዓት ተዘርግቶ ይታያል። ሁለተኛ ፈረቃ ጨርሶ ሌሊት የሚነዳ ሰው የሚወጣበትን ሰዓት ለይቶ ማየት ያለበት እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ «ፎርካስት ዲስከሽን» የሚለውን አንብቡ። ባለሙያው ስለ የትኛው ሰዓት እርግጠኛ እንደሆነ፣ ስለ የትኛው እንደሚጠራጠር በራሱ ቃል ይጽፋል። አብዛኛውን ጊዜ ማለዳና ከሰዓት በኋላ ይታደሳል። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ ቢነበብ እንኳ ከሥዕሉ እጅግ ይበልጣል።

ምክንያቱን በአንድ የጃንዋሪ ቀን እንየው። ትላንት ደረቅና ቀላል ስኖው ጥሏል፣ ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሥዕሉም ፀሐይ ነው። ግራፉ ላይ ግን የንፋሱ ግፊት በሰዓት 45 ማይል ይደርሳል። ያ ንፋስ መሬት ላይ ያለውን ስኖው እንደ ዱቄት ያነሳዋል። ሽቅብ ሲያዩ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ በመኪናው መስኮት ፊት ግን ነጭ ግድግዳ ቆሟል። አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው ስኖው ደግሞ በጎማ ሙቀት ቀልጦ መልሶ ይረጋና መንገዱን መስታወት ያደርገዋል። ብሊዛርድ ለመባል አዲስ ስኖው መጣል የለበትም፤ 35 ማይልና ከዚያ በላይ ንፋስ፣ ከሩብ ማይል ያነሰ እይታ፣ ይህም 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየ ብሊዛርድ ነው። ስለዚህ በመስኩ ላይ ያልረጋ ስኖው ካለና ግራፉ 35 ካሳየ ጉዞውን አስተላልፉ።

የመንገዱን ሁኔታ ግን ይህ ገጽ አይነግራችሁም። ለሱ የግዛቱን የመንገድ መረጃ ገጽ 511 ሚኒሶታን ክፈቱ። ኢንተርስቴት 90 በሚዘጋበት ጊዜ መግቢያው ላይ የብረት በር ይወርዳል፤ የተዘጋ መንገድ ጥሶ መግባት እስከ 1,000 ዶላርና እስከ 90 ቀን እስር ያስቀጣል።

ቅዝቃዜው ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ ሥራቸውም ይለያያል። 0 ፋራናይት (18 ሴልሺየስ ከዜሮ በታች) ላይ 15 ማይል ንፋስ ሲጨመር ለቆዳ የሚሰማው 19 ፋራናይት ከዜሮ በታች ይሆናል፤ የተገለጠ ጆሮና ጣት በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊጎዳ ይችላል። ይህ «ዊንድ ቺል» ለሰውነት ነው። ለመኪና ባትሪና ለውኃ ቧንቧ የሚታየው ግን ትክክለኛው ሙቀት ነው፤ ንፋስ ቶሎ ያቀዘቅዛቸዋል እንጂ ከአየሩ በታች አያወርዳቸውም። ያረጀ ባትሪ 0 ፋራናይት ላይ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ስለሚያጣ በኦክቶበር ማስመርመር ይሻላል። የመስታወት ማጠቢያውም በበጋ የተሞላው ከሆነ መንገድ ላይ ይረጋል፤ እስከ 20 ከዜሮ በታች የሚለውን ግዙ።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው። ብዙ ሰው ስልኬ ይጮሃል ብሎ ይተማመናል። ለቶርኔዶ ይጮሃል። ለብሊዛርድና ለአይስ ስቶርም (የሚቀዘቅዝ ዝናብ ሁሉን በአይስ ሲሸፍን) ግን የስልኩ የአደጋ ጥሪ አይልክም። ለነጎድጓድ ማዕበልም የሚልከው ንፋሱ 80 ማይል ወይም ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደው የበረዶ ጠጠር (ሄይል) ስፋቱ 2.75 ኢንች ይደርሳል ሲባል ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ማስጠንቀቂያውን የሚያስተላልፍበት የአየር ሁኔታ ራዲዮ ነው፤ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 50 ዶላር ያወጣሉ። ስትገዙ «ሴም» የሚባለው የካውንቲ መለያ እንዳለው አረጋግጡ፤ ከሌለው ለሩቅ አገር ማዕበል ሁሉ ይቀሰቅሳችኋል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ካሉት ሰባት ቻናሎች ድምፁ የጠራውን ምረጡ። ኮዱ ላይ 027105 አስገቡ፤ ኖብልስ ካውንቲ ነው። ማዕበል ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ የሮክ ካውንቲን 027133 መጨመር ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ለማወቅ ይረዳል፤ ዋጋው ግን ብዙ የሌሊት ጩኸት ነው። ሕፃን ያለበት ቤት በአንዱ ቢወሰን ይሻላል። ራዲዮውን መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፣ ምድር ቤት ውስጥ ሞገዱ ይዳከማል። የመጠባበቂያ ባትሪውን ሳታስገቡ እንዳትተዉት፣ መብራት የሚጠፋው በዚያው ማዕበል ነውና። ብዙውን ጊዜ ረቡዕ ቀትር አካባቢ የሙከራ ምልክት ይተላለፋል፤ ካልደረሳችሁ አቀማመጡ ወይም ቻናሉ ተሳስቷል።

ጉድለቱም አለ። ማስጠንቀቂያው የሚወጣው በካርታ ላይ ለተሰመረ ቦታ ሆኖ ሳለ ራዲዮው ግን ለካውንቲው ሁሉ ይጮሃል። አማርኛም የለውም። ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እኛ ስኖውንም፣ አይሱንም፣ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውንም «በረዶ» ስለምንል «በረዶ አለ ተብሏል» ብሎ ለጎረቤት መንገር ሦስት የተለያየ አደጋ ያደባልቃል። ሲነግሩ በእንግሊዝኛ ስሙ ይነገር። «ዋች» ሲባል ሊመጣ ይችላል፣ «ዋርኒንግ» ሲባል መጥቷል ወይም በር ላይ ነው።

ማርችና ኤፕሪል ላይ ግራፉ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ዝናብ የሚለውን መስመር አትለፉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 እንዲህ ያለው ዝናብ ሽቦና ምሰሶ ላይ ረግቶ ሰባብሯቸው ዎርዚንግተንና አካባቢዋ መብራት አጥተው ነበር። የአይሱ ውፍረት ሩብ ኢንች ሲባል ስልክ ቻርጅ ማድረጊያውና ደረቅ ምግቡ ይዘጋጅ።

በጁላይ የሚታየው ቁጥር የአየሩን እርጥበት የሚያሳየው «ዱ ፖይንት» ነው፤ 70 ፋራናይት ካለፈ ሙቀቱ 85 ቢሆንም ላብ ቶሎ አይደርቅም። ሴፕቴምበር ከሁሉ የሚመቸው ወር ሲሆን ስለሱ ብዙ የሚባል የለም።

ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛ ሰው ራዲዮው የግድ ነው። ቶርኔዶ በብዛት የሚነሳው ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው፤ እሱ ስልኩን ዘግቶ የተኛበት ሰዓት። የከተማው ሳይረን ደግሞ ደጅ ላለ ሰው የተሠራ እንጂ መስኮት ዘግቶ ለተኛ አይደለም። ራዲዮው አልጋው አጠገብ፣ ጫማና የእጅ ባትሪ ከሥሩ፣ ወደ ምድር ቤት የሚወስደው ደረጃ ከዕቃ የጸዳ ይሁን።