የልጄን ሥዕሎች ለመስቀል ቱሉ ዲምቱ ያሠራሁት ፍሬም

የፍሪጃችን በር ሞልቷል። የስድስት ዓመቷ ልጄ በቀን ሁለት ሦስት ሥዕል ታመጣለች። መጣል ደግሞ አይታሰብም፤ አንዴ ብሞክር ከቆሻሻ ውስጥ አውጥታ «ማነው ይሄን የጣለው?» ብላ ቤቱን አንድ አደረገችው። ግድግዳ ላይ በስኮች ለጠፍን፣ ስኮቹ ሲነሳ ቀለሙን ልጦ ይዞ ወረደ። በቃ ፍሬም ላሠራ ብዬ ተነሳሁ።

የሄድኩት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም የማይርቅ አንድ እንጨት ቤት። ላማርር ስለሆነ ስሙን አልጠራም። ዋና ሥራቸው በርና አልጋ ነው፣ ፍሬም ጎን ለጎን ይሠራሉ። በኤ4 ልክ ስድስት አዘዝኩ፣ አንዱን በ650 ብር፣ ግማሹን ቀብድ ከፍዬ። በሦስት ቀን ይደርሳል ተብዬ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ይሄን ለምደነዋል፣ እንለፈው።

ሥራው ንጹሕ ነው። ማዕዘኖቹ ገጥመዋል፣ ቫርኒሹም እጅ ላይ አይጣበቅም። ጉዱ የታየው ሥዕሉን ሳስገባ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ነው፣ እነሱም መስታወቱን ልክ በዚያው ቆርጠውታል፤ ግን የፍሬሙ ጠርዝ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ያህል ወረቀቱን ይሸፍናል። ልጆች ፀሐይን የት እንደሚስሉ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ጥግ ላይ! የልጄ ፀሐይ ግማሿ ተበላ፣ ታች ጥጉ ላይ የጻፈችው ስሟም የመጀመሪያ ፊደሉን አጣ።

የባሰው ጀርባው ነው። ዙሪያውን በጥቃቅን ሚስማር ተመቶ በፕላስተር ታሽጓል፣ አንድ ሥዕል ለመቀየር ፒንሳ ልፈልግ ነው። ይዤው ተመለስኩ። ሠራተኛው ገረመው። «እህቴ፣ ፎቶ እኮ አንዴ ከገባ ገባ ነው፣ ከፍተሽ ምን ልታደርጊ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ እሱ የለመደው የምርቃትና የሠርግ ፎቶ ነው፣ የምርቃት ፎቶ በየሳምንቱ አይቀየርም። ሳስረዳው ሳቀና ሚስማሩን ነቅሎ በጣት በምትዞር ትንሽ ቆርቆሮ የሚዘጋ አደረገልኝ፣ ተጨማሪም አልጠየቀኝም። ልኩ ግን አንዴ ተቆርጧል። ስለዚህ ስታዝዙ ኤ4 አትበሉ፣ 30 በ40 በሉ። ከኋላ ነጭ ካርቶን አድርጋችሁ ሥዕሉን መሃል ላይ ስታስቀምጡት ዙሪያውን አምስት ሴንቲ ያህል ነጭ ይተርፋል፣ ያ ቡጭርጭር ነገር ኤግዚቢሽን የወጣ ይመስላል። ሁለት እንደዚያ ጨምሬ አሠራሁ።

መስቀሉ ሌላ ጣጣ ነው፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር። የውጪው ግድግዳችን ክረምት ላይ ስለሚያልበው ወረቀቱ መስታወቱ ውስጥ ያብጣል። የውስጡ አግሮስቶን ነው፣ ሚስማር ስትመቱበት ይፈረፈራል። በድሪል በስቶ ፊሸር መክተት ይሻላል፣ ግን ለስምንት ፍሬም ስምንት ቦታ መብሳት አንጀቴ አልቻለም።

ይሄን ሳማርር ነው ሠራተኛው ትርፍራፊ ጣውላ አንስቶ «ታዲያ ለምን ይሄን አትወስጂም?» ያለኝ። አንድ ሜትር ከሃያ በምትሆን ጣውላ ላይ ስምንት የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ደርድሮ ለጠፈልኝ፣ በ400 ብር። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሠሩልኝ ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው፣ የሚገርመው ሱቁ ውስጥ ለማሳያ እንኳ አላስቀመጡትም። በልጄ ቁመት ኮሪደሩ ላይ አሰቀልኩት፣ ራሷ ታወርዳለች፣ ራሷ ትሰቅላለች። ኮሪደሩ ፀሐይ አያገኘውም፤ አምና መስኮት ፊት ለፊት የለጠፍነው የማርከር ሥዕል በጋውን ሳይጨርስ ሐምራዊው ነጥቶ ነበር።

እና ሂዱ ወይ? ለጣውላው ሂዱ። ለፍሬም ከሄዳችሁ ልኩንና የሚከፈት ጀርባውን በወረቀት አስጽፉ፣ ቀብዱንም ከዚያ በኋላ ክፈሉ።

ለእንቁጣጣሽ ስምንቱም መቆንጠጫ ላይ አደይ አበባ በአደይ አበባ ሆኖ ነበር። ሥዕል ይዞ መዞር የወንዶች ነው ሲባል ነው ያደግኩት፣ የኔዋ ግን ይሄን የሚነግራት አላገኘችም። ጠዋት ስነሳ ጣውላው ባዶ ነው። እሷ ጎረቤት ሁሉ አዳርሳ አንድ ፍሬም የሚያሠራ ብር ይዛ ተመለሰች።