ባለሦስት ጎማው ዊልቸር በወሎ መንገድ

ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ በአብዛኛው የሚደርሰው ተጣጣፊውና ባለአራት ጎማው ዊልቸር ነው። ይህ ወንበር የታሰበው ለለሰለሰ ወለል በመሆኑ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎቹ የደሴ ኮብልስቶን ላይ ይሰነቀራሉ፤ ከኮብልስቶኑ አልፎ ኮረኮንች ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚገፋው ሰው ከሌለ ፈቅ አይልም። እናም ባለቤቱ ቤት ይውላል፣ ቤተሰቡም ቤት መዋሉን የጉዳቱ ግዴታ አድርጎ ይቀበለዋል። እኔ ከጣሪያ ላይ ወድቄ አሥረኛው የደረት አከርካሪ ላይ በመጎዳቴ ከእምብርት በታች ስሜትም እንቅስቃሴም የለኝም፤ ሆኖም ለወጣ ገባ መንገድ የተሠራውን ባለሦስት ጎማ ዊልቸር ካገኘሁ ወዲህ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሐይቅ ዳርቻም እደርሳለሁ። ወንበሩ ለወሎ ምድር ምን ያህል እንደሚመች፣ የት ላይ እንደሚያስቸግርም ለሚመርጡ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ልጻፍ።

ወንበሩ ከኋላ ሁለት ትላልቅ ጎማዎች፣ ከፊት ደግሞ ከእግር ማሳረፊያው አልፎ የወጣ አንድ ወፍራም ጎማ አለው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ረጅም ስለሆነ የተቀማጩ ክብደት መሀል ላይ ያርፋል፤ የፊት ጎማው ድንጋይ ቢመታም ሰውየው በግንባሩ አይደፋም። ሦስት ጉልቻ መሬቱ ቢጣመምም ድስቱን እንደማያወዛውዝ ሁሉ፣ ሦስት ጎማም ምንጊዜም አንድ ላይ መሬት ይነካል፤ አራት ሲሆን ግን አንዱ ይንጠለጠላል። ይህን ዓይነቱን ንድፍ ካስፋፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው ሞቲቬሽን የተባለ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ሆችኪስ ደግሞ፣ እርሱም በሞተር ብስክሌት አደጋ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ነው፣ በየአገሩ ብየዳ ቤት ሊሠራና ሊጠገን የሚችል ወንበር በመንደፍ ይታወቃል።

የመጠገኑ ነገር ለእኛ አገር ዋናው ቁም ነገር ይመስለኛል። የዚህ ወንበር የኋላ ጎማዎች የብስክሌት ልክ ናቸው። ሐይቅ ከተማ መግቢያ ላይ እሾህ አንዱን ጎማ ቢያስተነፍሰው፣ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ የብስክሌት ካላማዳሪ አውጥቶ ገጠመልኝና «አብሽር ወንድሜ፣ ይኼማ የለመድነው ነው» ብሎ ሸኘኝ። የፊት ጎማው ኩሽኔታ ግን አቧራ ስለሚበላው በየጊዜው ታጥቦ ግራሶ ይፈልጋል፤ ችላ ሲባል ጎማው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያለ ያስቸግራል።

ወንበሩን በደንብ ያወቅሁት ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ባለው በሐይቅ ነው። ከታናሽ እህቴ ጋር ነበር የሄድነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከኋላ የምትገፋኝ እህቴ መግቢያው ላይ ቀረችና የቀረውን መንገድ ብቻዬን መሄድ ግድ ሆነብኝ። ጠጠሩንና ከመሬት ብቅ ያለውን የዛፍ ሥር በእጄ ኃይል ብቻ፣ እያረፍሁም ቢሆን አለፍኩት። ሥሩ ፊት ስደርስ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ የፊት ጎማውን አቀልለውና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ጊዜ ወደፊት እገፋለሁ፤ የድሮው ወንበሬ ቢሆን እዚያው ይተክለኝ ነበር። ስመለስ እህቴ «ላብ በላብ ሆነህ የለም እንዴ ወንድምዬ!» አለችኝ። ከእምብርቴ በላይ ማለቷ ነው፤ ከጉዳቱ በታች ያለው አካሌ አያልበኝም፤ በሙቀት ጊዜ ውኃ በጨርቅ እያራሱ ማቀዝቀዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ጀልባ ላይም ወጥቻለሁ። ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲያስገቡኝ ወንበሩ ዳር ቀረ፣ የመቀመጫ ትራሱ ግን አብሮኝ ገባ። ስሜት በሌለው መቀመጫ ባዶ ጣውላ ላይ ጥቂት መቆየት ለግፊት ቁስል ይበቃል፤ ይህ ቁስል ደግሞ ሰውን ለወራት አልጋ ላይ የሚያስተኛ፣ ሲብስም ሕይወት የሚቀጥፍ ነው። መጀመሪያ ከወንበሩ ጋር የመጣው ትራስ ጠፍጣፋ ስፖንጅ ስለነበር በመቀመጫ ቅርጽ በተሠራ ትራስ አስቀየርሁት። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ከወንበሩ ጌጣጌጥ ቀንሶ ትራሱን ቢያስበልጥ ይሻለዋል። ትራሱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደፊት ወይም ወደ ጎን ዘንበል ብሎ መቀመጫን ማሳረፍ፣ ማታ ማታም ቆዳን በመስታወት ማየት አይቀርም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆመ ወንበር ብረቱ እንደሚግልም ልብ ይባል፤ ጭን ያቃጥላል፣ ባለቤቱ ግን አይሰማውም።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። ይህ ወንበር የመውጫ እንጂ የቤት ወንበር አይደለም። ርዝመቱ በጠባብ ጓዳ አያዞርም፤ የፊት ጎማው ከጠረጴዛና ከአልጋ ጋር ስለሚጋጭም መጠጋት የሚቻለው በጎን ብቻ ነው። አቅም ያለው ሰው ሁለቱንም ዓይነት ቢይዝ ደግ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር እንዳሉት የደሴ ሰፈሮች መንገዱ ወደ ጎን ያዘነበለ ሲሆን ደግሞ፣ ወደፊትና ወደ ታችኛው ጎን አብሮ ያጎነበሰ ሰው ሊገለበጥ ይችላል፤ አካልን ወደ ላይኛው ጎን ማዘንበል ያስፈልጋል። ፍሬኑ የቆመ ወንበር መያዣ እንጂ የሚሄደውን ማብረጃ ስላልሆነ ቁልቁለት ላይ ያለው ፍሬን መዳፍ ነው፣ የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። በክረምት ጭቃው ጎማውንና እጅን አንድ ላይ ይለውሳል፤ ሐምሌና ነሐሴን በአመዛኙ ቤት ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። መኪና ላይም የኋላ ጎማዎቹ ይወልቃሉ፣ መደገፊያው ይታጠፋል፣ ብረቱ ግን ስለማይታጠፍ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይጫናል። እንደ ዕቃ ሂሳብ የሚጠይቁኝ ረዳቶች አጋጥመውኛል፤ እግሬን እንደ ሻንጣ ማስከፈላቸው አሁንም አልተዋጠልኝም።

ደረጃ ፊት ግን የትኛውም ወንበር አያዋጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዘዘ ቢሆንም፣ ብዙ ቦታ የሚያስገባኝ የሰው ትከሻ ነው። ወሎዬ ለእርዳታ አይታማም፤ ቡና ለመጠጣት ደጃፉ ላይ ብቅ ስል ሁሉም ተሯሩጦ ያገኘውን ይይዛል። የክንድ ማሳረፊያው ግን የሚወልቅ ነውና ተይዞ ሲነሳ እጅ ላይ ይቀራል። «እባካችሁ፣ ከሥር ብረቱን ያዙልኝ» ማለትን ሳልፈራ መናገር ለምጃለሁ።

እጆቻቸው ጤነኛ ለሆኑ፣ ከጉዳታቸው በላይ ያለውን አካል ራሳቸው ለሚያዝዙ ሰዎች ወንበሩን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ልካቸውን ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይውሰድላቸው፣ ሰፊ ወንበር ትከሻን ይጎዳልና። ጉዳቱ ስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከፍ ያለ መደገፊያና የደረት ቀበቶ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሽንት ፊኛው ሲሞላ የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ፣ ራሱን ክፉኛ ሊያመውና ፊቱ ሊቀላ ይችላል፤ ያኔ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የጠበቀ ልብሱን ማላላትና ሽንቱን ቶሎ ማውጣት፣ ካልተሻለውም ወዲያው ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል። አብሮት የሚጓዘው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ትርፍ ካቴተርም፣ ማለትም የሽንት ማውጫ ቱቦ፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ዕቃ ጋር ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ።